ስልሳ እርምጃ

የላማራ ቡችላ፣ ኩርካ የሚሉት፣
አምስት ወር ያልሞላው፣ መዳፉ የሰፋበት፣
ሌላ ውሻ ካየ፣ ጥላም ቢሆን ከሩቅ፣
ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ።

ግቢያችን ትብሊሲ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው፣
የእንጨት ሰገነቱን ወይን ደግፎ ያቆመው፣
አንዱ ቢያስነጥስ ከላይ፣ ከታች «ይማርህ» የሚለው።
እኔና ላማራ ግን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ
(የኔ ቧንቧ ነው አሉ ጣሪያዋን ያራሰው፤ ይበሉ)
ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ግድግዳ እናያለን።
ግድግዳው ባዶ ነው። ስንጥቁን በቃላችን እናውቀዋለን።

በመጋቢት ጭቃ፣ ማሰሪያው ተወጥሮ፣
ኩርካ ባቶኒ ፊት ሲጮህበት ከሮ፣
ላማራ ተጎትታ ጫማዋ ሲንሸራተት፣
እኔ ከሰገነቴ ሆኜ ሳቅሁባት።
ሰማችኝ። ይህን ልብ በሉት።

ባቶኒ ማለት «ጌታው» ነው። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ተዘርግቶ የሚውል፣
ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ያንጠለጠለ፣ «ተከትቧል» የሚል።
ጌታ የሌለው ጌታ። ሲጮኹበት አንድ ዓይኑን ይገልጣል፣
ዝናብ መጣ አልመጣ ብሎ እንደሚያይ ሰው፤ መልሶ ይጨፍናል።

መላውን የነገረቻት የእንስሳት ሐኪሟ ቴክላ ናት።
(ይህን ያወቅሁት ላማራ በስልክ ለእህቷ ስትደግመው ነው፤
ድምፅዋን ወለልም ጣሪያም አያግደው።)
«አትቆጪው፣ አትጎትቺው። ፍርሃት ነው የሚያስጮኸው።
ከስንት እርምጃ ላይ ነው አይቶ ዝም የሚለው?
እዚያ ቁሚ። ውሻውን ሲያይ፣ ከመጮሁ በፊት፣
አይብ አጉርሺው። ነገ አንድ እርምጃ ቅረቢ፤ ሁለት አይደለም፣ አንዲት።»

ስልሳ ሆነ።
ከዳቦ ቤቱ በር እስከ በለሷ ሥር፣
ላማራ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትቆጥር፣
ኪሷ በሱልጉኒ አይብ ተወጥሮ፣
ኩርካ አንዴ ውሻውን፣ አንዴ ኪሱን ሲያይ አንገቱን አዙሮ።

ውሻ በበላበት ይጮሃል ይላሉ።
ይሄኛው በበላበት ዝም አለ።

ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ አምስት። አርባ ዘጠኝ።
ውሃ የማልሰጠውን አበባ እያጠጣሁ፣ ከላይ ሆኜ ቆጠርሁ፤
አርባ አንድ ላይ ሲደርሱ እኔም ትንፋሼን ያዝሁ።

ኋላ አንድ ማክሰኞ፣ ከጥጉ ብቅ ብሎ፣
ማሰሪያ የሌለው የጎረምሳ ውሻ በደስታ ዘሎ
ኩርካን ገለበጠው።
የወሩ ልፋት እንደ ተደፋ ወተት።
ወደ ስልሳዋ ተመለሱ። እዚያም ጮኸ።
ላማራ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣
አይቡን ራሷ በላችው።

መስኮቴን ዘጋሁ። ከፈትሁ።
በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ቋሊማዬን ለሁለት ከፍዬ
ለባቶኒ ወረድሁለት፤ «ጌታው፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» ብዬ።
በማግሥቱም። ከዚያም ወዲያ።
ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሰኔ ላይ ሦስት እርምጃ ቀረ።
ባቶኒ ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ አዛጋ፤
ፊት ለፊት ሳይሆን፣ ቀስ ብሎ፣ በጎን ተጠጋ።
ኩርካ ቁጢጥ አለ፤ ሽንቱን ለቀቀ፤ ራደ፤
አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ጠፋው፤ በምትኩ አፍንጫውን ሰደደ።

ላማራ ቀና ስትል እኔ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነኝ፣
አርፍጄ የወረድሁ፣ ቋሊማው በእጄ፤ መደበቂያም የለኝ።
ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልተቀራረብንም። አራት እርምጃ ቢሆን።
ቧንቧው፣ ጣሪያው፣ የልስኑ ሒሳብ ጉሮሮዬ ላይ
ፀጉሩን አቁሞ ቆመ።

አልጮኽሁም።

እሷም አየችኝ፤ ግድግዳውን ሳይሆን።
ከዚያ እጇ፣ ሳታስበው ይመስለኛል፣
ወደ አይቡ ኪስ ገባ።