ሐይቅ ያሳያል

ደላላው ሙሄ ነው ከፒያሳ የያዘን፣
ዳገት ለዳገቱ ትንፋሽ ያስጨረሰን።
«አንዲት ክፍል አለች፤ ዋጋዋም ይቻላል፤
መስኮቷ ሲከፈት ሐይቁን ያሳያል።»

ሉባባ «ሐይቅ» ሲል ፊቷ ቦግ አለና
ክንዴን ያዝ አረገች፤ የሐይቅ ልጅ ናትና።
እኔ የደሴ ነኝ፤ ጦሳን አውቀዋለሁ፤
ጎረቤት በሚጋርድ ጋራ ሥር አድጌያለሁ።
ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ ያን ሁሉ አሻግሮ
ውሃ የሚያይ ዐይን ማን ታድሏል ኖሮ?
ቢሆንም ዝም አልኩኝ። እግሯ አብጧል። መሽቷል።
ቤት ፍለጋ ስንዞር ይኸው ሳምንት ሞልቷል።

እትዬ ዘርትሁን ደጅ ወጥተው ቆመዋል፤
ቁልፉን ካንገታቸው ከማተቡ አስረዋል።
«ስንት ናችሁ?» አሉ። «ሁለት ነን» አልናቸው።
ሆዷን ዘቅዘቅ ብለው አዩት በዐይናቸው።
«ሦስት ናችሁ» አሉ። ልጄ ተቆጠረ፤
ገና ሳይወለድ ተከራይ ነበረ።

ከዚያ ሕጉ መጣ፦
«ግድግዳዬ ላይ ምስማር እንዳይመታብኝ፤
እንግዳ ከመጣ አስቀድሞ ይነገረኝ፤
ውሃ ሐሙስ ሌሊት፣ እሷም ከመጣች ነው፤
የተኛ ተከራይ ጀሪካኑ ባዶ ነው፤
ካውያ ለብቻ ነው፣ ምድጃም ለብቻ፤
ጥብስ በጾም ወራት በር ተዘግቶ ብቻ፤
የሦስት ወር ቅድሚያ። ደረሰኝ አላውቅም።
ሌላ? ሌላ የለም። እኔ ሰው አላስጨንቅም።»

«መስኮቱስ?» አለች ሉባባ። ከፈትኩት።
የጎረቤት ቆርቆሮ፣
ገመድ ላይ የሚንጠባጠብ ብርድ ልብስ፣
አንገቱ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ሽንኩርት የበቀለበት፣
ከዚያ ወዲያ ጉም።
ሌላ ምንም።

«የታል ሐይቁ?» አልኩት። ሙሄ ሳይደነግጥ
«ደሴ አይደለች? ጉም ነው። ነገ ሲገለጥ...»
ብሎ ብሩን ቆጠረ፣ ጣቱን በምራቁ
እያራሰ፣ ሁለቴ። ወረደ ከነሳቁ።

ነገ አልተገለጠም። ሐምሌ ጉም፣ ነሐሴ ጉም፤
የታጠበ ልብስ በሳምንት አይደርቅም።
ሉባባ ማታ ማታ በርጩማዋን ስባ
መስኮቱ ሥር ናት፣ ጋቢዬን ደርባ።
«ያውልህ ገዳሙ፤ ያ ደግሞ ደንገሉ፤
እንድሪስ ወንድሜ መረብ ይዞ መሐሉ።»
«ቆርቆሮ ነው እኮ» እላት ነበር መጀመሪያ።
«ዝም ብለህ እይ።»
ዝም ብዬ አያለሁ።

መስከረም ሲጠባ፣ ሰማዩ ተከፍቶ
ተራራ ብቻ አየን መስኮታችንን ሞልቶ።
አየችው። አልከፋትም።
«ከጀርባው ነው» አለች።

ልጅ የተወለደ 'ለት እትዬ ዘርትሁን
መዶሻ ይዘው ገቡ ሳያንኳኩ በሩን፤
ምስማር መቱ፣ እሳቸው! በዚያው በግድግዳ፤
አንቀልባ ሰቀሉ፣ ልጆቻቸው ያደጉበት ቆዳ።
በወሩ ተመልሰው፣ ዐይናቸውን ሰብረው፣
«ልጅ ውሃ ያበዛል፤ ኑሮውም ይኸው ነው፤
ሺህ ብር ጨምሩልኝ፤ ካልሆነ...» አልጨረሱም።
ደመወዜ እዚያው ነው። አልተከራከርኳቸውም።

ዛሬ ዕቃ ጭነናል፦ ፍራሽ፣ በርሜል፣ ምድጃ።
አንቀልባውን ውሰዱት አሉን፤ ምስማሩ ቀረ።
ሙሄም መጣ ደግሞ ሙሽሮች አስከትሎ፣
ያንኑ የፈረደበት ሐይቅ በጀርባው አዝሎ።
ሙሽሪት መስኮቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች፤
«እውነት ሐይቅ ያሳያል?» ብላ ጠየቀች።
አፌን ስከፍት፣ ሉባባ ልጁን እያዘለች
ቀደመችኝ።
«ያሳያል» አለች፤
«ጉም ሲኖር።»