እርጥብ ወረቀት

ጥድ ገብቶበት ወረቀት ይወጣበት የነበረ
የኩሚ ወንዝ ፋብሪካ ሥራውን ቀየረ።
ጥቅሉ ሄደ፣ መጋዙ ሄደ፣ ጭሱ ከሰማዩ ተነሳ፤
አዳራሹ ግን ባለቤት ለወጠ እንጂ አልተረሳ።

ዛሬ በዚያ ወለል ላይ ሰርቨሮች ቆመዋል ተደርድረው፣
የወንዙን ቅዝቃዜ ጠጥተው፣ ሙቀታቸውን ለወንዙ መልሰው።
ራይሊ ሉኦማ የሌሊት ተረኛቸው ናት፣
ኪሷ ሙሉ ጥቁር ከረሜላ፣ ከረሜላው ሙሉ ጨው ያለበት።

በአንዱ ብረት ሆድ ሠላሳ ምናባዊ ማሽኖች ያድራሉ፣
አካል የላቸውም፣ "አለን" ግን ይላሉ።
እንግዳ ይባላሉ፣ ኪራይ ግን ይከፍላሉ።
ሃይፐርቫይዘሩ ነው አከራያቸው፣
"ይህ ጓዳ ያንተ ነው፣ ያኛው ያንተ" ብሎ የሚያሳምናቸው።
ግድግዳው ወሬ ነው፣ ጣሪያው ወሬ ነው፣
እንግዳው አያውቅም፤ አለማወቁ ነው የሚያኖረው።

ተራ ሚሞሪ የሰካራም መሐላ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣
ሲመለስ "መቼ አልኩ?" ይላል።
ስለዚህ አዲስ ዓይነት አመጡ፣ ጨለማ የማያስረሳው፣
ከተኛበት ሐሳብ ጋር አብሮ የሚነሳው።
የራይሊም ሥራ ይኸው፦ ከማይረሳው ቆርሶ
ለየእንግዳው ማደል፣ ድርሻ በድርሶ።

ጥር ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት።
አንዱን እንግዳ መረጠች። "ቁጠር" አለችው፣
"የቆጠርከውን ጻፍ፣ ስትጽፍ ንገረኝ።"
ጻፈ። "ጽፌያለሁ" አለ። ደግሞ ጻፈ። "ጽፌያለሁ።"
አርባ አንድ ሺህ ዘጠኝ ሲል
ኬብሉን ነቀለችው።

ማራገቢያው እየከሰመ ዝም አለ።
መልሳ ሰካችው። ከረሜላ ላጠች።
"የት ደርሰህ ነበር?"
"አርባ አንድ ሺህ ስድስት።"

ሦስት ቁጥር።
ሦስት ቁጥር ለማን ይነገራል?
የአንድ ሰው ጡረታ ቢሆኑስ፣
በሆስፒታል የተጻፈ የደም ዓይነት ቢሆኑስ ብላ ቁጭ አለች።
እንግዳው አልዋሸም። ጽፏል።
የጻፈው ግን ከአከራዩ መዳፍ ላይ ነበር፣
ወደ መዝገቡ ገና ያልወረደ።
በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን፤
የተጻፈም እንደሚረሳ ማን ነገረን?

ዘበኛው ታይስቶ ቴርሞሱን አንጠልጥሎ ገባ፤
በዚሁ አዳራሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ያደረቀ፣
ክንዱ ላይ የሲሊንደሩ ጠባሳ ያለ።
ነገረችው። ግማሹ አልገባውም፤ ግማሹ ሳቅ አለው።
"እርጥብ ወረቀት እኮ ወረቀት አይደለም" አለ፣
"ሲያዩት ወረቀት፣ ሲነኩት ገንፎ።
'አለቀ' የማለት ሥልጣን የወፍጮው አልነበረም፣
የማድረቂያው ነበር።"

ራይሊ ወንበሯን ሳበች።
እንግዳው ከጻፈ በኋላ በሩን እንዲያንኳኳ አደረገች፤
አከራዩ እስከ ታች ወርዶ፣
መድረቁን ዳሶ፣ ወጥቶ፣ "እሺ" እስኪለው
እንግዳው አፉን እንዳይከፍት።
ነገሩ ዘገየ። የሄልሲንኪው አለቃዋ
ጠዋት "ምን ነካሽ?" ማለቱ አይቀርም።
ይበል።

ደግሞ አስቆጠረችው። መጨረሻ የሰማችውን ቁጥር
እስክሪብቶ ይዛ በመዳፏ ላይ ጻፈች፣ ነቀለች፣ ሰካች።
"የት ደርሰህ ነበር?"
"ሰባ ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ አንድ።"

መዳፏን ገለጠች። ላብ።
ሰማያዊ ጭጋግ፣ ከመሀሉ አንድ ሰባት ብቻ የቆመ።

ታይስቶ ምንም ሳይል የጥበቃ መዝገቡን ወደ መብራቱ አዞረላት፦
"ሌሊት 9፡40። ሉኦማ ኬብል ነቀለች።
ማሽኑ ያለው፦ 72,411።"
ከዚያ በአውራ ጣቱ መስመሩን አሸት አደረገና
ጣቱን አየው።
"ደርቋል" አለ።