ተራራው ነው

ደብረ ሲና ላይ ቀን ዕድሜ የለውም፤
ዐሥር ሰዓት ካለፈ ፀሐይ አትቆይም።
ከላይ ጣርማበር አለ፣
ትከሻውን ሰብቆ በጊዜ የሚውጣት፣
እኛ ግርጌው ያለን ሳንሰናበታት።

ያን ዕለት
ሦስተኛ ቀናችን ነበር መንገድ ከተዘጋ፤
ወደ ላይም ገመድ፣ ወደ ታችም ገመድ፣ በድንጋይ የረጋ።
ስልኩ ኔትወርክ የለው፣ ሬዲዮው አይታመን፣
ወሬ ብቻ ያልፋል ኬላውን ሳይለምን።

የጫንኩት ሽንኩርት ነው፣ ስድሳ ኩንታል፣ ከሸዋ ሮቢት፤
በቆመ መኪና ላይ ማቆጥቆጥ ጀመረ፣ እርሻ መስሎት።
ሾፌሬ ሸዋታጠቅ ጎማ ላይ ተቀምጦ
ጥፍሩን ጨረሰው፣ በጥርሱ ቆርጦ ቆርጦ።

አጸደ ቆሎዋን በጣሳ ስትሰፍር
እንደ ድሮው "ከወዴት ነሽ?" ብላ አትጀምርም ነገር።
ዘንድሮ ይህ ጥያቄ
የተቀባበለ ሽጉጥ ነው፣ ሰው አይነካውም፤
"ጨው ልጨምር?" ትላለች። ከዚያ አታልፍም።

ዐሥር ተኩል ላይ ጥላው ወረደብን።
ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ መናኸሪያውን፣ እኛን
ባንድ ጨርቅ ሸፈነን።
"መሸ" አለች አጸደ፣ ጣሳዋን ሰብስባ።
"መሸ" አለ ሸዋታጠቅ፣ ጋቢና ውስጥ ገባ።

"አልመሸም" አሉ ሐጂ ኑርዬ።
ውዱእ አድርገው፣ መስገጃቸውን ዘርግተው፣
ከሚኒባሱ ጎን ሰዓት የሚጠብቁ ሰው።
"መግሪብ አልደረሰም፤ ተራራው ነው የጋረዳት፤
ጥላና ምሽትን ለዩ እንጂ! ገና ብዙ አላት።"

ዞረን ወደ ምሥራቅ አየን።
እውነትም እዚያ ታች፣ እስከ አፋር ጠረፍ፣
ገና ቀን ነበረ፤
የተራራው ጥላ እንደ ጎርፍ ሲሄድ፣ ጫፉ ሲንሳፈፍ፣
ካልደረሰበት አገር አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ
ብልጭ ይላል፤ ምናልባት ትምህርት ቤት፣ ምናልባት ገበያ።

ከዚያ ነው ከኋላችን ደመናው የጋመ።
"ቃጠሎ!" አለ አንዱ፤ የተቀመጠው ሁሉ ቆመ።
የማን መንደር ይሆን? በየት በኩል ነው?
አንዲት እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችው።
በዚህ ዓመት ቀይ ካየን ሌላ ፍቺ የለን፤
እሳት ሳይሆን ሰማይ መሆኑን ለማመን
ጊዜ ፈጀብን።

ሲገባን ደግሞ ሁሉም ተርጓሚ ሆነ፤
አንዱ "ደም ነው" አለ፣ አንዱ "ምሕረት" ብሎ ዘፈነ፤
አንድ የመዘዞ ገበሬ፣ አንጋጦ አይቶት፣
"ነገ ውርጭ ነው" አለ፣ "ባቄላው አለቀለት።"

እኔ ግን ሰማዩን ትቼ ያየሁት ልጁን ነው፣
ኬላው ላይ የቆመውን፣ ጢሙ ገና ያልበቀለው።
ሦስት ቀን ሙሉ ጣቱ ከቃታው አልወረደም።
አሁን ቀና አለ፤ የደመናው ነጸብራቅ ዓይኑ ላይ ሲደምቅ፣
ያንኑ እጁን አነሣ፤ ግንባሩ ላይ አኖረው፣ አጥርቶ ለማየት ሲጠነቀቅ።

ነጋዴ ነኝ፤ መቁጠር ልማዴ ነው።
ቆጠርኩ።
አርባ ሁለት ስል እጁ ገና ግንባሩ ላይ ነው።
ሰላም አልላትም ያችን፤ ስሙ ይከብዳታል፤
አርባ ሁለት ናት። በቃ። ከዜሮ ትሻላለች፣ ማን ይክዳታል?

ከዚያ ቀዩ ጠቆረ፣ ጥቁሩም ዐመድ ሆነ።
"አሁን መሸ" አሉ ሐጂ፣ ለጸሎት ቆሙ።
የልጁም ጣት ተመለሰ ወደ ቀድሞው።
መንገዱ አልተከፈተም።
ብርዱ ከጣርማበር እንደ ውሻ ወርዶ እግራችን ሥር ተኛ።

ሄጄ ከሸራው ሥር ጥቂት ሽንኩርት አወጣሁ፣
አረንጓዴ ጆሮ ያወጡትን መረጥኩ፤
ለአጸደ ሰጠኋት። "ለወጥ" አልኳት። "ሳይበላሽ።"
ጣሳዋን ሞልታ እየሰጠችኝ፣ በጨለማው ቀስ ብላ፣
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
"ለመሆኑ ከወዴት ነሽ?"

ነገርኳት።

ጨው ጨመረችልኝ።