ጠርሙስ ቁጥር ሠላሳ ሰባት

አራት ኪሎ፣ ምድር ቤት፣ ሐምሌ ከሰዓት፤
ፎርማሊን የሚሸት ክፍል፣ ግድግዳው ያላበበት።
በእግረኛ ቁርጭምጭሚት ልክ ከተከፈተች መስኮት
"ፒያሳ አንድ ሰው!" ይላል የታክሲው ልጅ፤
ከዝናቡ ጋር ይገባል ድምፁ ከደጅ።

ደብዳቤ ደርሶኛል፣ አጭር ነው ጥያቄው፦
"በባሕራችሁ የሚኖር የባሕር እባብ የትኛው ነው?
ዝርያው ተጣርቶ፣ ማስረጃ ተያይዞ ይላክ።"
"በባሕራችሁ" የምትለዋን ሁለቴ አነበብኳት፣
በእርሳስ አሰመርኩባት።
ስንት ቀን እንደሆነ እስከ ጨው ውኃው መንገዱ—
መዝገቡ ግን አለ፤ አልሰማም መዝገቡ ባሕሩ መሄዱን።

ቁጥር ሠላሳ ሰባት፦ "የባሕር እባብ፣ ምጽዋ።"
ዓመተ ምሕረቱን ብል በልቶታል።
ጠርሙሱን ከላይ ያወረደው አቶ ዘርዓብሩክ ነው፣
የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ፣ የቀድሞ ባሕር ኃይል ሰው።
"እኔ አይቼዋለሁ" አለኝ፤ "ሌሊት፣ ከመርከቧ ጥግ፣
ጥቁርና ነጭ፣ ቀለበት በቀለበት፣ ውኃው ላይ ሲያረግድ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲያ
እግሬን አልነከርኩም፤ እንኳን ባሕር፣ የሶደሬ ገንዳ!"

በመቆንጠጫ አወጣሁት። ነጭ ሳህን ላይ ተጋደመ፣
እንደ አሮጌ የጫማ ክር ገርጥቶ የከረመ።
ማጉያውን አቀረብኩ፤ ቅርፊት ልቆጥር ነበር፣
በአንገቱ ስንት ረድፍ፣ በወገቡ ስንት።
ቅርፊት የለም።
ጣቴን አዳለጠኝ።
ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ መሆን ነበረበት፤
እንደ ወስፌ ሾሏል።
ከጉንጩ ኋላ፣ ከአንገቱ ሥር፣
ጠባብ ስንጥቅ፣ የመተንፈሻ በር፤
በጀርባውም ላይ እንደ ሻሽ ጫፍ የሳሳ ክንፍ።

ዓሣ ነው።
ስድሳ ምናምን ዓመት በእባብ ስም የኖረ ዓሣ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ይላል ተረቱ፤
ልጥ አይቶ ዕድሜ ልኩን የበረየውስ?
እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ፊቴን አነበበው።
"አይደለም?"
"አይደለም፣ ጋሼ።"
ሳህኑን ወደ አምፖሉ ስቦ ብዙ አየው፣ በጣም ብዙ።
"ይሄኛው አይደለም" አለ፤ "የኔው ይንቀሳቀስ ነበር።"

ለደብዳቤው መልስ ጻፍኩ፦
"በእጃችን ካለው ናሙና የተረጋገጠ የባሕር እባብ የለም።"
"የለም"ን ሰርዤ "አልተገኘም" አልኩ፤
በሁለቱ ቃላት መካከል ብዙ ውኃ አለና።
አዲሱን ወረቀት ለጠፍኩ፣ የድሮውን ሳልልጥ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራቱን አጠፋን።
ከበሩ ሥር ዝናቡ ኩሬ ሠርቷል፣ መዳፍ የማይሞላ፤
አቶ ዘርዓብሩክ ሱሪውን ሰበሰበ፣
ቆም ብሎ አየው፣
ዞሮ አለፈ።