ጋን ቁጥር አሥራ አራት

ኪርያት ጋት፣ ፋብሪካው ሰፈር፣ የጎማ ጠጋኙ ጎረቤት፣
በሰዓት ጋን የሚያከራይ አለ፣ የጋራ መጥመቂያ ቤት።
ከምሽት ፈረቃ ወርጄ፣ የሾፌር ሸሚዜን ሳልለውጥ
ገባሁ፤ የብቅሉ ሽታ ሳበኝ ወደ ውስጥ።

«ቢራ መጥመቅ አምሮኛል» ስለው ፊማ ሽርጥ ወረወረልኝ፤
«ጠመቃ ማለት አጠባ ነው፣ የቀረው ትርፍ ነው» አለኝ።
ባልዲ አጠብኩ፣ ቱቦ አጠብኩ፣ ክዳን፣ ጭልፋ፣ ማማሰያ፣
በአሲድ ውሃ አለቀለቅኩ፣ እስኪሸበሸብ መዳፌ እንደ አሮጌ መጠቅለያ።

(እትዬ አንጓች፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ ይህን ስነግራት ሳቀች፤
«ግራዋ ሳይነካው ጋን ታጠበ? ወይ ጉድ!» አለች።
እሷ በረንዳዋ ላይ ነው፣ በፕላስቲክ ሰማያዊ በርሜል፣
የወይራ ፍሬ በመጣበት፣ ለሰፈሩ ጠላ የምትጥል።
አደባባዩ ላይ ማዘጋጃ ቤት የወይራ ዛፍ ሲከረክም
ፍልጡን ለቅማ፣ አድርቃ በርሜሏን ታጥናለች፤ ለማንም አታወራም።
እኔም አላወራሁም።)

ከዚያ ብቅሉ። ከሩቅ አገር በከረጢት የመጣ ገብስ፣
ስልሳ ሰባት ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ እስኪርስ
ቆሜ መለኪያውን አያለሁ፣ እንደ አውቶቡሴ የነዳጅ ሰዓት፤
ቢያልፍ ይበላሻል፣ ቢጎድል ይበላሻል፤ ይህ ነው የሥራው ፍርሃት።
አጠገቤ ሐጊት የምትባል ነርስ ድንብላል ትወቅጥ ነበረች፣
ማቀዝቀዣውን ጥቅል ቱቦ «ተራዬ ነው» ብላ ወሰደች።
አንድ ማጠቢያ፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አምስት ሰው፤
ወረፋ ላይ ነው ሰው የሚተዋወቀው።

ሆፑ ሲፈላ አየሩ መረረ፤ ጌሾ አይደለም፣ ዘመዱ ነው፣
ሙጫው ጣት ላይ ይቀራል፣ ምሬቱ ግን ይሉኝታ አለው።
እርሾ በተንኩ። ቁጥር አሥራ አራት። በነጭ ፕላስተር ስሜን ጻፍኩ፤
በማግስቱ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጥፌ፣ «ቡልቅ» ሲል እንደ ልጅ ሳቅኩ።

«ሁለት ሳምንት እዚህ፣ ሁለት ሳምንት በጠርሙስ» አለ ፊማ።
በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ፋሲካ መሐል ይገባል፤ አላሰብኩትማ!
«ወረቀት አለ» አለኝ፤ «ረቢው አይሁድ ላልሆነ ሰው ይሸጥልሃል፤
ሰባት ቀን የአንተ አይደለም፣ በስምንተኛው ይመለስልሃል።»

አባቴ ወረቀቱን አነበበ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር አስኪዶ፤
«የገዛህን ሰው ታውቀዋለህ?» አለ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ወርዶ።
«አላውቀውም።»
«እኛ እርሾ የነካውን ሸክላ ለፋሲካ ሰብረን
በአዲስ እንበላ ነበር፤ ይዘነው ‹ሸጥነው› አንልም፣ እግዜርን አፍረን።»

ብረት አይሰበርም።

በአሥራ ሦስተኛው ሌሊት፣ ሳይበስል፣ ቧንቧውን ከፈትኩት፤
ጉም የመሰለ፣ አረፋ የሌለው፣ ምን ልበል፣ ቀዳሁት።
አንጓች መጣች፣ ሐጊት ከነዩኒፎርሟ፣ ጎማ ጠጋኙም ሰምቶ፣
አባቴም በወረቀት ኩባያ አንድ ጎንጨት፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ቆይቶ፤
«ቅራሪ ነው» አለ።
ፊማ ቃሉን ወደደው። «ቅራሪ ምንድን ነው?» አለ።
«ጥሩ ማለት ነው» አልኩት።
አንጓችን ትን አላት።

ዘጠኝ ሊትር ተረፈ። ማን ይጠጣዋል፣ ነገ ሥራ ነው፤
አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ የታችኛውን ቧንቧ ለቀቀው።
ወለሉ ላይ ሲፈስ አየነው፣ ደፍርሶ ወደ ጉድጓዱ፣
የጎማ ቤቱ ውሻ ከዳር ላሰና ሄደ በመንገዱ።
ከዚያ ከእኔ እኩል ፈተገ፣ ከውስጥም ከውጭም ብረቱን፣
በጥፍሩ ልጦ አነሳ ስሜ ያለበትን ፕላስተሩን።

ፋሲካ አለፈ። ለእሑድ ማታ ተመዝግቤአለሁ ደግሞ፤
ቁጥር አሥራ አራት ባዶ ነው፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ደርቆ፣ ቆሞ።
ደረጃ ላይ እትዬ አንጓች ያዘችኝ፣ ፌስታል ጌሾ በብብቷ፤
«ስልሳ ሰባት ያልከው ነገር» አለች፣ ቀጥ ብሎ ሌባ ጣቷ፣
«እጅ ሲነከርበት ምን ያህል ነው የሚያቃጥለው?»

እጄን ነክሬ አላውቅም። መለኪያው ነበር የሚያውቀው።