ጃንጥላዎን ተዋሱኝ

ዝናቡ ቆርቆሮን ሲደበድብ ውሎ፣
መምህር ሰልቫናያጋም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አስተካክሎ፣
«ቦሮው» ብሎ ጻፈ በጠመኔ ቁራጭ፤
አርባ አንድ ልጅ ደገመው፣ ከፊተኛው ወንበር እስከ ኋላ ተቀማጭ።

በመስኮቱ ሻይ ነው፤ ሻይ ነው እስከ ሰማይ፣
የእናቶች ጀርባ ነው ከቅጠሉ በላይ፣
ጆንያ ተሸክሞ ጎብጦ የሚታይ።

«ቦሮው ማለት» አለ፣ «የሰው ዕቃ ወስዶ
መልሶ መስጠት ነው፣ ቀኑ ሲደርስ ሄዶ።
ወሳጅ ቦሮው ይላል፤ ሰጪ ሌንድ ይላል፤
አደራ ልጆቼ፣ ይህን ያምታታውን ፈተና ይጥላል።»

ታቫማኒ አምታታችው።
ደወል እንደተደወለ በሩ ጋ ቆማ፣ ጎርፍ የሆነውን መንገድ አይታ፣
በደረቅ እንግሊዝኛ፣ ደብተሯን በጉያዋ ሸጉጣ፣
«መምህር፣ እባክዎ፣ ጃንጥላዎን ተዋሱኝ» አለች።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እሱ አልሳቀም። «አውሱኝ» አላት። ሦስት ጊዜ አስደገማት፤
ከዚያ አንድ ዘንጉ በሽቦ የታሰረ ጥቁር ጃንጥላ ሰጣት።
«ሰኞ» አላት።

ይህን ስጽፍ አሰብኩት፤ እኛ ጋ ሁለት ነው፣ እሱ የጠቀለለው፦
ስኳር ይበደሩታል፤ ተልሶ ያልቅና ሌላ ነው የሚመለሰው።
ወንፊት ግን ይዋሱታል፤ ያው ወንፊት፣ ከነቀዳዳው ነው ቤቱ የሚገባው።
ጃንጥላ አይበደሩም። ሩዝ አይዋሱም።
እንግሊዝ ለሁለቱም አንድ በር ከፍቶ፣ «ግቡ» ብሎ ዝም።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፣
አምስት ዓረፍተ ነገር፣ የቤት ሥራ።
«ከጎረቤት ጨው ተበደርን።» ይኼ ቀላል ነው።
«ወንድሜ ብስክሌት ተዋሰ።» ጎማው መፈንዳቱን ተወችው።
«አባቴ ከአለቃው ገንዘብ ተበደረ።» ዓመት አለፈው፤
ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ይቆረጣል፣ አያልቅም።
«ይህን ክፍል ከኩባንያው ተዋስን።» እዚህ ላይ እርሳሷ ቆመ።
ቅድመ አያቷ የተወለደችው በዚሁ ግድግዳ ሥር ነው፤
ለመሆኑ ስንት ዓመት ሲሞላው ነው
የተዋሱት ነገር የራስ የሚሆነው?
መምህሩ ይህን አልነገራቸውም።

አምስተኛው፦ «እናቴ ለሠርግ የአክስቴን የጆሮ ወርቅ ተዋሰች።»
ጻፈችና ክንዷን ጣለችበት፣ እናቷ እንዳታየው፤
እናቷ ማንበብ አትችልም።
ወርቁ ሃተን ከተማ፣ መያዣ ቤት፣ ቁጥር ተለጥፎበት ተኝቷል፤
ለፈተና መመዝገቢያ፣ ለነጭ ጫማ፣ ለዚህ ለመዝገበ ቃላቱም ሆኗል።
ውሰት የነበረው ብድር ሆኖ አድሯል።
በእኛ ቃል ቢጻፍ ግሡ ራሱ ምስክር ቆሞ ባሳጣት፤
ቦሮው ግን ሰፊ ብርድ ልብስ ነው፤ ሁለቱንም ሸፈነላት።

በሩ ተንኳኳ። አክስት ፑሽፓቫሊ ናት፣ ጠጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ።
ስለ ልጆች ጠየቀች፤ ስለ ሳሉ፤ ስለ ፍየሏ፤ ዝናቡን ረገመች።
በመሃል በመሃል ባዶ ጆሮዋን ትነካለች።
እናት እሳት ትቆሰቁሳለች፤ ያልጠፋ እሳት።
ብድር በምድር ይባላል፤
ምድሩ ግን የኩባንያው ነው።

«እንግዲህ ልሂድ» አለች አክስት፣ ነገሩን ሳታነሳው።
እናት ዘላ ተነሣች፤ ከምስማሩ ላይ ጥቁሩን ጃንጥላ አውርዳ፣
«ያዢ፣ እንዳትበሰብሺ!» አለቻት፣
በሁለት እጇ፣ ወርቅ እንደሚመልስ ሰው።
አክስት ቁልቁል ወረደች፤
የታሰረው ዘንግ በጨለማው ውስጥ እያነከሰ።

ታቫማኒ ያለ ድምፅ ከንፈሯን አላወሰች፦ ሌንድ።
በትክክል። ማንም አላረማትም።
«ሰኞ» ብሏል መምህሩ፤
ዛሬ ዓርብ ነው።