አራት የለም

ረቡዕ ማታ። ኤድመንተን። ከዜሮ በታች ሠላሳ።
ከአፍ የወጣ ትንፋሽ ጺም ላይ የሚረሳ።
ከግብር አስሊው ቢሮ በላይ፣ ከጠባቡ ደረጃ ጫፍ፣
ካፖርት ተቀባይዋ እኔ ነኝ፤ ዶላር ለካፖርት፣ በነፃ ለስካርፍ።

ስንቱን ሰው በልብሱ አወቅሁት፣ መልኩን ሳላጠና!
የነርሷ የማርሊን፣ አልኮል አልኮል ይላል ገና፤
የጣሪያ ሠራተኛው የዳርሲ ሬንጅ ጠጥቷል፣
የመንትዮቹ ጃኬት ክርኑ እኩል አልቋል።
ኪስ አልፈትሽም፤ ኪስ ግን ራሱ ያወራል፦
የሳል ከረሜላ ይንኳኳል፣ ቁልፍ ያቃጭላል።

መስቀያዬ ከአንድ ተነስቶ እስከ ስልሳ ይዘልቃል፤
አራት ግን የለም። መንጠቆው ከወለቀ ዓመት አልፎታል።
ባለቤቱ «ነገ» ይላል። የሱ ነገ ረቡዕን አያውቅም።
ለመድኩት። ባዶም ይሰቀላል፤ ደረሰኝ አይጠይቅም።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ ያዲራ ታጨበጭባለች፣
ጉልበቷን በፋሻ አስራ ወለሉን ታዝዘዋለች።
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

«አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት!»

«አራትስ?» አለ ዳርሲ፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ
ጭቃ እንደ ጠላች ዶሮ።
«አራት አይረገጥም» አለችው፤ «እዚያ ላይ
እግር ያርፋል፣ ይሠራል ጆሮ።»

እኔም ከካፖርቶቹ ኋላ፣ ማንም ሳያየኝ፣ እሞክራለሁ።
ትከሻዬን ጠይቁኝ፤ እሱን ከእናቴ ሆድ ይዤ ወጥቻለሁ።
ወገብ ግን! ወገብ እኛ ዘንድ ለመቀነት ማሰሪያ፣
ለባልቴቶች ማማረሪያ፤
የኔውማ በአርባ ስምንት ዓመቴ ዘይት ያጣ ማጠፊያ።

ኦቪዲዮ ሁለት ካፖርት ያመጣል።
አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ኔሪስ ከሞተች ሁለቴ በረዶ ቀልጧል።
የሱን ሦስት ላይ፣ የሷን አምስት ላይ፤ ሁለት ዶላር ይከፍላል። ለምን አላልኩም።
የሷ ብርቱካንማ ነው፣ እንደ መንገድ ሠራተኛ ልብስ።
«በጭጋግ እንዳትጠፋብኝ ብዬ ነው የገዛሁላት» ያለኝን አልረሳሁም።
«ረቡዕ የሷ ነው፤ እኔ አጃቢ ነኝ» ይልና
ሎሚናዱን ይዞ ጥግ ይቀመጣል፣
ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል፣ በዝግታ፣ በትሕትና።
ሦስት። አምስት።
በመሃላቸው ያቺ ባዶ።

በጥር መጨረሻ አንድ ብቻ ይዞ መጣ።
አልጠየቅሁም። አምስትን ለማንም አልሰጠሁም፣ ሰው በሰው ላይ ቢመጣ።
ትንሽ ቆይቶ ደረጃው ላይ ብርቱካን ወጣ።
ውስጡ ቀጭን ልጅ፣ ሮዌና፤ ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ፣
በስስ ጃኬት ፌርማታ ላይ ስትንዘፈዘፍ ያገኛት፣ ለአገሩ ብርድ እንግዳ።
እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል።
«ሾፌሩ ሰጠኝ» አለች። «ግን ቃል ግቢልኝ አለኝ፦
ካፖርቱ ረቡዕ ረቡዕ መውጣት ለምዷል፣ ቤት እንዳታስቀሪብኝ።»

እጄ ሳላዘው አምስት ላይ ሰቀለው።
በመስኮቴ አየሁ። ማርሊን እጇን ዘርግታ ጥጉ ጋ ቆማለች፤
ኦቪዲዮ ሎሚናዱን አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ ተነሳ።
አንድ፣
ሁለት፣
ሦስት፣
አራት ላይ ቆመ።

ቆመ። ሙዚቃው በላዩ አለፈ። ጥንዶቹ ዞረውት ሄዱ፣
ውሃ ድንጋይን እንደሚዞር።
ያዲራ አላረመችውም።
ማርሊን እጁን አልለቀቀችም።
እኔ አንድ የሰው ስካርፍ እንደያዝኩ፣
ከዚያ፣
አምስት።

ሊዘጋ ሲል ባለቤቱ አዲስ መንጠቆና መፍቻ ይዞ ከች አለ።
ዓመት ሙሉ ለምኜው፣ ዛሬን መረጠ!
«አራትን ልሥራልሽ፤ የት ነበረች?» አለ።

«ነገ» አልኩት።